ዳንቴ ጃኮዛ፦ የሴይቼንቶ አባት

ባለፈው የኮርሳችን ስብስብ ላይ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የመክፈቻው ንግግር ገና ሳያልቅ ግማሹ ሰው ከአዳራሹ ሾልኮ መኪና ማቆሚያው ጋ ተኮልኩሎ ነበር። አንድ የኮርሳችን ልጅ፣ ዛሬ የአጥንት ቀዶ ሐኪም የሆነው፣ ስንት ዓመት ሲያሠራት የኖረውን ቀይ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ እየነዳ መጥቶ ነው። ኮፈኑ ተከፈተ። ያኔ በዋርድ ዙር ላይ ጉልበታችንን ያንቀጠቅጡት የነበሩት የውስጥ ደዌ መምህራችን እንኳ ጎንበስ አሉና፣ የልብ ምት እንደሚያዳምጥ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ሞተሩን ሰሙት። ከዚያ ማን ነው የሠራት የሚል ክርክር ተነሳ። አንዱ ከፌራሪ ጋር አዛመዳት፣ ሌላው ለፒኒንፋሪና ሰጣት። እኔ ዳንቴ ጃኮዛ የሚባል ሰው መሥሪያ ቤት ናት የወጣችው ብል የሚያውቀው ጠፋ። መኪና እወዳለሁ የሚለው ባለቤቱ ራሱ አያውቀውም።

ስለዚህ የዚህ መጽሐፍ አዘጋጆች አንድ የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ሐኪም አልመረጥኩም። ስለ ሐኪም የሚጽፍ በመካከላችን ሞልቷል። እኔ ስለዚህ መሐንዲስ ልጻፍ። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው፤ የራሳችን ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

አስቀድሜ ግን ነገሩ ለእኔ ለምን ቀላል እንዳልሆነ ልንገራችሁ። ያደግኩት ቆቦ ነው፣ አያቴ ዘንድ። ቆቦን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ ዙሪያውን ሜዳና ማሽላ፣ በበጋ ጥላ ሥር ተቀምጦም የሚያልብ ቆላ። ከተማዋን መሐል ለመሐል የሚሰነጥቃት አውራ ጎዳና ከደሴ በወልድያ መጥቶ፣ በአላማጣ አልፎ፣ ግራካሱን እየተጠማዘዘ ወጥቶ ወደ ኮረምና ማይጨው ይሄዳል። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ያበጁት መንገድ ነው። መንገዱን ተከትሎ ቋንቋቸውም ቀርቷል። የቆቦ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ጎሚስታ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ ማለት ያውቃል። ጋራዥ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ስሙ ጣልያንኛ ነው፤ ፍሬኑና ጎማው ሳይቀሩ። ከመንገዱ ዳር ጎማ የሚለጥፉ ሰዎች ጋ ቆሜ የዋልኩበት ቀን ትምህርት ቤት ከዋልኩበት አይተናነስም።

ይሁን እንጂ ራያ ላይ የጣልያን መኪና መውደድ ዝም ብሎ መውደድ አይደለም። የአያቴ አባት ማይጨው ላይ ነው የቀረው፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.። አስከሬኑ አልመጣም። አያቴ በየዓመቱ ቀኑ ሲደርስ ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ደፍታ ጎረቤት ትጠራ ነበር። አባቴ፣ ማለትም ልጇ፣ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ሴይቼንቶ ታክሲ ይነዳል። ለበዓል በዚያችው ሰማያዊና ነጭ መኪና ቆቦ ድረስ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ያያታል። አያቴ ግን አትቀርባትም። የጣልያን መኪና ውስጥ አልቀመጥም ብላ የማለች ሴት ናት፤ ወፍጮ ቤት ላድርስሽ ቢላት እንኳ እህሉን በጀርባዋ አዝላ በእግሯ ትሄዳለች። የእነዚህ የሁለቱ ነገር ነው ጃኮዛን እንዳነብ ያደረገኝ።

ጃኮዛ ጃንዋሪ 3 ቀን 1905 ሮም ተወለደ። ምህንድስና የተማረው ግን ቱሪን ነው፣ በፖሊቴክኒኩ፤ በ1927 ተመርቆ በ1928 ፊያት ገባ። የመጀመሪያ ሥራው ወታደራዊ ተሽከርካሪ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወደ አውሮፕላን ሞተር ክፍል ተዛወረ። ይህን ዘልዬ በቀጥታ ወደሚያምሩት መኪናዎች ብሄድ ማንም አይጠይቀኝም። ግን አልዘለውም። ፊያት በዚያ ዘመን ለጣልያን ጦር ከጭነት መኪና እስከ አውሮፕላን የሚያቀርብ ድርጅት ነው። ወጣቱ መሐንዲስም እንጀራውን የሚበላው ከዚያ ነው።

በዚያው ጊዜ የፊያት ባለቤት ሴናተር ጆቫኒ አኜሊ በ5,000 ሊሬ የሚሸጥ ትንሽ የሕዝብ መኪና ፈለጉ። ሥራው የተሰጠው ኦሬስቴ ላርዶኔ ለሚባል መሐንዲስ ነበር። ላርዶኔ ኃይሉ በፊት ጎማ የሚሄድ መኪና ሠራ። በዚያን ጊዜ እንግዳ ነገር ነው። ለሙከራ ሲወጡ ሴናተሩ ራሳቸው ውስጧ ተቀምጠው ሳሉ መኪናዋ በእሳት ተያያዘች። ማንም አልሞተም። ላርዶኔ ግን ከሥራው ተባረረ፤ ሴናተሩም ፊያት ከእንግዲህ በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና እንዳይሠራ ከለከሉ። እሳቱ የተነሳው ከፊት ጎማው የተነሳ አይደለም። አንድ በሽተኛ ሞተ ተብሎ መድኃኒቱ በሙሉ ከመደርደሪያ ሲነሳ አይተናል አይደል? እንደዚያ ነው። ይህ ክልከላ የጃኮዛን ሕይወት ሠላሳ ዓመት ያህል ይከተለዋልና ያዙልኝ።

ትንሿ መኪና እንደገና ስትታሰብ ሥራው ለጃኮዛ ደረሰው። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ ከዚያ በፊት አንድም ሙሉ መኪና ነድፎ አያውቅም። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ሞተሯ 569 ሲሲ፣ ጉልበቷ 13 የፈረስ ጉልበት የሆነ መኪና አወጣ። ብልሃቱ አቀማመጡ ላይ ነው። ሞተሩን ከፊት አክስል ወደ ፊት ገፋው፣ ራዲያተሩን ከሞተሩ ኋላ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። በዚህ ምክንያት አፍንጫዋ ወደ ታች ተንሸራተተና ለእግር ቦታ ተገኘ። ፊያት 500 ትባላለች፤ ሕዝቡ ግን ቶፖሊኖ አላት፣ ትንሿ አይጥ ማለት ነው። ሚኪ ማውስንም ጣልያኖች የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ዋጋዋ እንደተመኙት 5,000 ሳይሆን 8,900 ሊሬ ሆነ። እንዲያም ሆኖ እስከ 1955 ድረስ ከነተከታዮቿ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች።

ገበያ ላይ የዋለችው መቼ መሰላችሁ? ጁን 1936። ማርች 31 ማይጨው፣ ሜይ 5 አዲስ አበባ ተያዘች፣ በሚቀጥለው ወር ቶፖሊኖ። የአያቴ ቤተሰብ ሐዘን ላይ በተቀመጠበት ወራት ቱሪን ውስጥ ሰው ስለ ትንሿ አይጥ ያወራል። ይህን መጀመሪያ ቀኖቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሳሁ። ለሳምንት ያህል አልተመለስኩበትም።

የተመለስኩት በክርክር ተሸንፌ አይደለም፤ ሰውየውን ይቅር ለማለትም እኔ ማን ነኝ። የተመለስኩት ከዚያ በኋላ የሠራውን ስለማውቅና አንዷ ላይ ስለተሳፈርኩ ነው።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የቱሪን ፋብሪካዎች በቦምብ ተመቱ። ጃኮዛ በዚያ መሐል ፒዬሮ ዱዚዮ ለሚባል ነጋዴና የእሽቅድምድም ሰው አንድ ሥራ ተቀበለ። ዱዚዮ ቺዚታሊያ የሚባል ድርጅት አለው፤ ጦርነቱ እንዳለቀ ርካሽ የውድድር መኪና እንዲኖረው ይፈልጋል። ገንዘብ የለም፣ ብረት የለም፣ አዲስ ሞተር የሚሠራበት ጊዜ የለም። ጃኮዛ ያደረገው ጥሩ የገጠር ሐኪም የሚያደርገውን ነው፤ ካለው ነገር ተነሳ። ሞተሩን ከፊያት 1100 ወሰደ፣ እገዳውንም ከትንንሾቹ ፊያቶች። አጥንቱን ግን ከቀጫጭን የብረት ቱቦ በየማዕዘኑ በየዳው፣ እንደ ጎጆ ጣሪያ አውታር፣ ክብደት ሳይጨምር እንዳይጣመም። ያቺ ዲ 46 ናት። በ1946 ቱሪን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወዳደር ዱዚዮ ራሱ አሸነፈባት። በዚያው ውድድር ላይ ታላቁ ታዚዮ ኑቮላሪ የያዛት መኪና መሪ ተነቅሎ በእጁ ቀረ፤ እሱም አላቆመም። ስፖርት መኪና የምትወዱ ይህን ታሪክ እንደ ገድል ነው የምታወሩት፣ አውቃለሁ፤ እኔ ድንገተኛ ክፍል የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ ያስበረግገኛል።

ከዲ 46 ቀጥሎ የመጣችው ቺዚታሊያ 202ም መጀመሪያዋ ከጃኮዛ እጅ ነው፤ ልብሷን ያለበሳት ፒኒንፋሪና ነበር። በ1951 የኒውዮርኩ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ስምንት መኪናዎች መርጦ እንደ ቅርፃ ቅርፅ ሲያሳይ አንዷ እሷ ነበረች። ጃኮዛ በ1952 ለፊያት 8ቪ የምትባል ባለ ስምንት ሲሊንደር ስፖርት መኪናም አውጥቷል። 114 ብቻ ተሠርታ ቀረች። ዛሬ ሰብሳቢዎች በጨረታ የሚራኮቱባት እሷ ላይ ነው፤ ለእኔ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ ትንሹን የምትነግረኝ እሷ ናት። ገንዘብ ሲኖርና ገደብ ሲጠፋ ቆንጆ ነገር መሥራት ማንንም አያስደንቅም።

አሁን ወደ ሴይቼንቶ። ቃሉ ስድስት መቶ ማለት ነው፤ ፊያት 600። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፊያት አለቃ ቪቶሪዮ ቫሌታ የሰጡት ትእዛዝ ቀላል ይመስላል፦ አራት ሰው የምትይዝ፣ ከቶፖሊኖ የማትከብድ፣ ሠራተኛ የሚገዛት መኪና። ጃኮዛ ሂሳቡን ሲያደርገው አልወጣ አለ። ሞተር ከፊት ሆኖ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ ከሄደ ረጅም የብረት ዘንግ ያስፈልጋል፤ ዘንጉ ክብደት ነው፣ ክብደት ደግሞ ብር ነው፣ ለሰው የሚሆነውንም ቦታ ይወስዳል። በፊት ጎማ ቢነዳስ? ልቡ ወደዚያ ነበር። ግን በዚያን ጊዜ የነበሩት መጋጠሚያዎች ውድም ደካማም ነበሩ፤ የሴናተሩም ክልከላ ከመቃብር ድምፁ አልጠፋም። ስለዚህ ሞተሩን ወደ ኋላ ወሰደው። ሁሉም ከባድ ነገር አንድ ቦታ ተከማቸ፣ ፊት ለፊቱ ባዶ ሆነ፣ አራት ሰው ተቀመጠ።

ቅርፁን ራሱ ነው ያወጣው። ክብ ክብ ያለችው ለማማር ብቻ አይደለም። ጠፍጣፋ ቀጭን ቆርቆሮ ይርገበገባል፤ የተጠጋጋ ቆርቆሮ ግን እንደ እንቁላል ቅርፊት ራሱን ይሸከማል፣ ስለዚህ ስስ ብረት ይበቃል። ማርች 1955 ጄኔቫ ላይ ስትቀርብ 633 ሲሲ ሞተር ነበራት፣ ክብደቷ ወደ 585 ኪሎ፣ ዋጋዋ 590,000 ሊሬ። ጣልያን አገር ውስጥ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሠራች። ያ ሕዝብ ከብስክሌትና ከቬስፓ ወርዶ ልጆቹን ይዞ ባሕር ዳርቻ የሄደው በእሷ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አዲስ አበባ ደግሞ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታ ታክሲ ሆነች። የእኛ ዕድሜ ሰው ይረሳታል ብዬ አላስብም። ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከመርካቶ ለገሃር፣ ጉልበት ለጉልበት ተቆላልፈን። ጃኮዛ ለአራት ሰው ያሰባት መኪና ስንት ሰው እንደጫነች ቢያይ ሂሳቡን እንደገና ይሠራ ነበር። አባቴ ስለ መኪናዋ ሲናገር ስለ ላም የሚናገር ነው የሚመስለው። ኋላዋን ከፍቶ ሞተሩን ያሳየኛል፤ ቺንጋው እንዴት እንደሚወጠር፣ ካንዴላ በምን እንደሚጠረግ። አንድ ጊዜ ጣርማ በር ላይ አፍልታ በእንፋሎት ሸፈነችን። ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ቺንጋው መላላቱን እያወቀ ነገ ነገ ሲል ነበር። እዚያው ቀዝቅዛ እስክትጠጣ ጠብቀን፣ በጄሪካን ውኃ ሞልተን ሄድን። ጠጋኝ የሚያስፈልጋት እንጂ አዲስ ዕቃ የማያስፈልጋት መኪና ነበረች። የጃኮዛ ቁም ነገር ለእኔ እዚህ ላይ ነው። የተማረ መሐንዲስ ሳይሆን መፍቻ የያዘ ሰው መንገድ ዳር እንዲከፍታትና እንዲረዳት አድርጎ ነው የሠራት።

በ1979 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን አባቴ ቆቦ መጥቶ ነበር። ዝናቡ ቆሞ ውኃው የሚታቆርበት፣ ወባ የሚነሳበት ወቅት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ትኩሳት ያዛት፤ በሁለተኛው ቀን ማታ ትንቀጠቀጥ፣ ዓይኗን ትገለብጥ ጀመር። ዛሬ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ይህ የአንጎል ወባ ነው፣ ሰዓት አትቁጠሩ እላለሁ። ያኔ ሰፈሩ ጠበል ይሁን ዕጣን ይሁን ይከራከር ነበር። ወልድያ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ሰዓት የሚነሳ አውቶቡስ የለም። በመንገዱ ዳር የቆመች መኪና አንዲት ብቻ ናት።

የሴይቼንቶ በር ወደ ኋላ ነው የሚከፈተው፤ ማለትም ማጠፊያው ከኋላ ነው። ለነጠላና ለቀሚስ ይመቻል፣ ሰው ዞሮ ቁጭ ይላል። አያቴ ልጅቷን ታቅፋ ገባች። ማንም አላግባባትም። ከኋላ ወንበር ላይ፣ ሞተሩ ከጀርባዋ እየጮኸና እየጋለ፣ ጎብዬን አልፈን፣ ጨለማውን በሁለት ደካማ መብራት እየገፋን ወልድያ ደረስን። ሆስፒታሉ ውስጥ ኪኒን በግሉኮስ ተሰቀለላት። ልጅቷ እኔ ነኝ። ከመንገዱ የማስታውሰው የሞተሩን ሙቀትና የአያቴን የጭስ ሽታ ነው፤ ምናልባት እሱንም በኋላ ሲያወሩ ሰምቼ ይሆናል።

አያቴ ስለዚያ ሌሊት አንድም ቀን አላነሳችም። በሳምንቱ ሲያወጡኝም ወደ ቆቦ የተመለሰችው በሴይቼንቶዋ አልነበረም፤ ማሽላ በጫነ ኤንትሬ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ነው። ኤንትሬ ራሱ ፊያት መሆኑን የነገራት የለም። እኛም አልነገርናትም።

ወደ ጃኮዛ እንመለስ። በ1957 አዲሷን 500 አወጣ፤ ከሴይቼንቶም ያነሰች፣ ሁለት ሲሊንደር ብቻ፣ 479 ሲሲ። መጀመሪያ ገበያው ቀዝቀዝ ብሎባት ነበር፤ በ1959 ግን የጣልያን ትልቁን የንድፍ ሽልማት፣ የወርቅ ኮምፓሱን አገኘች። አሁን በፖስት ካርድ ላይ የምታዩዋት እሷ ናት፤ ሮም ሄዳችሁ ከጎኗ ፎቶ ያልተነሳችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።

ቀጥሎ በ1966 124 መጣች። ከውጭ ስታዩዋት ሳጥን ናት፣ ልጅ የሳላት መኪና። በዚህች ላይ ድካሙን ከሁሉ የሚበልጠውን የወሰደው በጃኮዛ ሥር ይሠራ የነበረው ኦስካር ሞንታቦኔ ነው፤ ሞተሩ ከፌራሪ የመጣው የአውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ያ በግቢያችን ያያችሁት ቀይ ኩፔ የእሷ ልጅ ነው፤ ሁለት ካምሻፍት ከላይ የጨመሩለት። ሳሎኗ በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለች።

ሶቪየቶች በዚያው በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውለው ቶልያቲ ላይ ፋብሪካ ተከሉ። 124ን ለራሳቸው መንገድ አስተካከሏት፤ ብረቷን አወፈሩ፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላ ፍሬኑን ከዲስክ ወደ ከበሮ ቀየሩት ጭቃና ጠጠር እንዳይበላው፣ ባትሪ ቢሞት በእጅ የምትነሳበት ብረት ጨመሩላት። በ1970 ወጣች። እኛ ላዳ ነው የምንላት። ከነዘሮቿ እስከ 2012 ድረስ ከ17 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። አባቴ ሴይቼንቶዋ ሶማሌ ተራ ላይ ለመለዋወጫ ከተበተነች በኋላ ላዳ ታክሲ ነው የነዳው፤ የሕክምና ትምህርቴንም ዘመን በሙሉ የተሸከመችው ያቺ ላዳ ናት። የሩስያ ናት እያለ ነበር የሚያወራው። በሁለቱም መኪናዎች ሥር ያለው መሥሪያ ቤት አንድ መሆኑን ቱሪን ለስብሰባ ሄጄ የመኪና ሙዚየሙን ካየሁ በኋላ በስልክ ስነግረው ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ የፈለገው የሴይቼንቶዋ ቀለም ምን ዓይነት እንደሆነ ብቻ ነበር።

የጃኮዛ ትልቁ ሥራ ግን የቀረው ነው፣ እሱም የድሮ ቂም መወጣጫ ይመስላል። ሠላሳ ዓመት ያህል የፊት ጎማውን ነገር በሆዱ ይዞ ኖረ። በ1959 እንግሊዝ አገር አሌክ ኢሲጎኒስ ሚኒን አወጣ፤ ሞተሩ አግድም ተኝቶ፣ ካምቢዮው ከሥሩ ተሸጉጦ፣ ሁለቱ አንድ ዘይት እየተጋሩ። ብልህ ነው፤ ግን ሁለት የተለያየ ሥራ የሚሠሩ አካላት አንድ ደም ሲጋሩ የአንዱ ቆሻሻ ወደ ሌላው ይሄዳል። ጃኮዛ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጎን፣ በአንድ መስመር አስቀመጠው፤ ወደ ሁለቱ ጎማዎች የሚሄዱት ዘንጎች እኩል አለመሆናቸውን ተቀበለ፣ አንዱ ረዘመ አንዱ አጠረ። ቀላል፣ ርካሽ፣ ለጠጋኝ የሚመች። ፊያት ግን ገና ይፈራል። ስለዚህ በ1964 አውቶቢያንኪ በሚባለው አነስተኛ ምልክት ስም ፕሪሙላ ተብላ ወጣች፤ ብትወድቅ የምታዋርደው ሌላ ስም ነው። አልወደቀችም። በ1969 ፊያት 128 በዚያው አቀማመጥ ወጣች፤ በ1970 የዓመቱ መኪና ሆነች። ጃኮዛም በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣ።

ዛሬ ከዚህ ግቢ ስትወጡ መኪና ማቆሚያውን እዩት። በብድር የገዛናቸው ቪትዞች፣ ያሪሶች፣ ኮሮላዎች በሙሉ ኮፈናቸው ሲከፈት ሞተሩ አግድም ነው፣ ካምቢዮው ከጎኑ ነው፣ አንዱ ዘንግ ከአንዱ ይረዝማል። ጃፓን ነው የተሠሩት፤ አጥንታቸው ግን ያ ነው። ያ ቀይ ኩፔ ላይ ስንራኮት ጃኮዛ ግራና ቀኛችን ቆሞ ነበር ማለት ነው፣ በየሰዉ መኪና ውስጥ። ቆቦ ላይ ዛሬ በየመንገዱ የሚሮጡት ባጃጆች እንኳ ጣልያን ዘመድ አላቸው፤ ሕንዶቹ ሥራውን የጀመሩት ከፒያጆ ፈቃድ ወስደው ነው። እሱ ግን የጃኮዛ አይደለም፣ የሌላ ሰው ታሪክ ነው።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ስለ አርባ ዓመት ሥራው መጽሐፍ ጻፈ። እንደ እኛ የሕመምተኛ ካርድ ደረቅ ነው፣ መለኪያና ክብደት የበዛበት፤ በተለይ አስተማሪዎች ለሆናችሁ እመክረዋለሁ። አንድ ነገር ሳይሳካ ሲቀር ለምን እንዳልተሳካ ሳይሸፋፍን ያስቀምጣል። ስለ ራያ ምንም የለበትም። እንዲኖርበት የጠበቅኩ ይመስል አንድ በአንድ ገለጥኩት።

ቱሪን ሙዚየሙ ውስጥ መኪናዎቹ ፊት ገመድ ተዘርግቷል፤ መንካት አይቻልም። ሴይቼንቶ ከልጅነቴ ያነሰች መሰለችኝ። በሩ ማጠፊያው ከኋላ መሆኑን አረጋግጬ ሄድኩ።

ዳንቴ ጃኮዛ ቱሪን ውስጥ የሞተው ማርች 31 ቀን 1996 ነው፣ በ91 ዓመቱ። ወደ እኛ አቆጣጠር ቀየርኩት፤ መጋቢት 22 ቀን 1988 ዓ.ም. ሆነ። ማይጨው ልክ ስድሳ ዓመት። ያን ቀን እኔ ቆቦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። አያቴ በዋዜማው ጠላውን አጥልላ፣ ዳቦውን ደፍታ አደረች፤ ጎረቤት ተጠራ። አባቴም ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ላዳዋን ከግራሩ ሥር አቁሟት፣ ልጆች ኮፈኗ ላይ እየወጡ ይንሸራተቱ ነበር። አያቴ ከደጃፉ ሆና ውረዱ እያለች ትቆጣቸዋለች፤ ቆርቆሮው እንዳይጎዳ።